ቀለምን በጥቁር መስመር፦ የመዳብ ቀራጺው ጆን ፓይ

በ1808 ለንደን ውስጥ የተሳለን ሥዕል በርሚንግሃም ያለ ሰው እንዴት ያየው ነበር? ፎቶግራፍ ገና አልተፈለሰፈም። ባለቀለም ሥዕልን በርካሽ አባዝቶ መሸጥም አይታሰብም። ሥዕሉ አንድ ብቻ ነው፤ የገዛው ባለጸጋ ሳሎን ውስጥ ይሰቀላል፣ በቃ። ሌላው ሕዝብ የሚያየው አንድ ባለሙያ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ፈጅቶ መዳብ ላይ ከቀረጸው በኋላ በወረቀት ታትሞ ሲሸጥ ነው።

ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ጆን ፓይ ነበር። ሥራው የመልክዓ ምድር ሥዕሎችን መቅረጽ ነው፦ ወንዝ፣ ተራራ፣ ፍርስራሽ፣ ደመና። በዚህ ዘርፍ በዘመኑ ከእሱ የሚበልጥ እንግሊዛዊ ነበር ብዬ አላምንም። ግን ስለ እሱ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ችሎታው ብቻ አይደለም። ሰውዬው ነገረኛ ነበር። ቀራጺ የሌላ ሰው ሥዕል ገልባጭ አይደለም፣ ራሱን የቻለ አርቲስት ነው ብሎ በአገሩ ትልቁን የሥዕል ተቋም ሲሞግት ኖሯል። ክርክሩን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፓይ በ1782 በርሚንግሃም ተወለደ። ከተማዋ ያኔ የብረታ ብረት ከተማ ናት። አዝራር፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የብር ዕቃ ይመረትባታል፤ ዕቃው ላይ ደግሞ ጌጥ ይቀረጽበታል። ስለዚህ ብረት ላይ መቅረጽ በከተማዋ የተለመደ እንጀራ ነበር። ቤተሰቡም የሙያው ሰዎች ናቸው፤ ታላቅ ወንድሙ ቻርልስ፣ የአክስት የአጎት ልጆች ሳይቀሩ ቀራጺዎች ሆነዋል። ልጁ ትምህርት ቤት ብዙ ሳይቆይ መቅረጫ ተሰጠው። በ1801፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ሳይሞላው፣ ዕድሉን ሊሞክር ለንደን ገባ።

ለንደን ውስጥ ጄምስ ሂዝ የሚባል ስመ ጥር ቀራጺ ዘንድ በደመወዝ ተቀጠረ። የሂዝ ዓይነት ወርክሾፕ ሥራ የሚከፋፈልበት ቦታ ነው። ሰዎችን የሚቀርጽ አለ፣ ሕንፃ የሚቀርጽ አለ፣ ከበስተጀርባ ያለውን ዛፍና ሰማይ የሚሠራ አለ። መጨረሻ ላይ የጌታው ስም ይጻፍበታል። ፓይ የደረሰው የበስተጀርባው ነው። ማንም ልብ የማይለው ክፍል! ሰማይና ርቀት ላይ ያለውን ዓይን ያሠለጠነው ግን ይሄ ይመስለኛል። በ1808 የሳሙኤል ሚዲማንን ልጅ አገባ። ሚዲማንም የመልክዓ ምድር ቀራጺ ነው። አማቹ መዳብ፣ ወንድሙ መዳብ፤ ከዚህ በኋላ ማምለጫ የለም።

አሁን ወደ ሥራው። መዳቡ መጀመሪያ እስኪያብረቀርቅ ይወለወላል። ከዚያ ሰም ባለበት ድብልቅ ይቀባና በጭስ ይጠቁራል። ቀራጺው በመርፌ ሰሙን እየጫረ የሥዕሉን መስመሮች ያወጣል። መርፌው ሰሙን ይገፍፋል እንጂ መዳቡን አይቆርጥም። ቀጥሎ አሲድ ይፈስበታል። አሲዱ የሚበላው ሰም የሌለበትን ቦታ ብቻ ነው።

የመልክዓ ምድር ቀራጺ ችሎታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሩቅ ያለ ተራራ ፈዛዛ ነው፤ አጠገባችን ያለ የዛፍ ግንድ ግን ጠቆር ያለ ነው። ስለዚህ አሲዱ ለአጭር ጊዜ ከቆየ በኋላ ይደፋና የሩቁ ተራራ መስመሮች በቫርኒሽ ይሸፈናሉ። እነሱ ከዚህ በኋላ አይነኩም። አሲዱ እንደገና ይፈስሳል። ቀጥሎ መካከለኛው ርቀት ይሸፈናል። እንዲህ እየተባለ በመጨረሻ አሲዱ የሚበላው ፊት ለፊት ያለውን ድንጋይና ግንድ ብቻ ይሆናል። ጥልቅ መስመር ብዙ ቀለም ይይዛል፤ ብዙ ቀለም የያዘ መስመር ጠቁሮ ይታተማል። ጊዜው ካለፈባችሁ ያ ሩቅ ተራራ አፍንጫችሁ ሥር ይመጣል። የወራት ልፋትም አብሮ ይበላሻል። የፓይ አማች ሚዲማን በዚህ የአሲድ ደረጃ የታወቀ ሰው ነበር፤ ለፓይም ሠርቶለታል።

ከአሲዱ በኋላ ቡሪን ይመጣል። ቡሪን ጫፉ በሰያፍ የተሳለ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ቀራጺው በመዳፉ እየገፋ መዳቡን ይሰነጥቃል። የሚገርመው እጁ ብዙም አይዞርም። የሚዞረው መዳቡ ነው፤ ከሥሩ የቆዳ ትራስ ስላለ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ገፋ ሲያደርገው መስመሩ ይወፍራል፣ ላላ ሲያደርገው ይቀጥናል። ሰማይ ለመሥራት ደግሞ መሣሪያ ነበር። ዊልሰን ላውሪ የተባለ ቀራጺ በ1790 አካባቢ ፍጹም ትይዩ የሆኑ፣ እጅግ የተቀራረቡ መስመሮችን የሚያሰምር ማሽን ሠራ። የዚያን ዘመን ህትመቶች ላይ ጥርት ያለ ሰማይ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የማሽን ሥራ አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ሥዕሉ የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው። ሲታተም ቀኙ ግራ ስለሚሆን፣ ቀራጺው ዋናውን ሥዕል በመስታወት እያየ ይሠራል። ብርሃን ዓይኑን እንዳይወጋው መስኮቱ ላይ ስስ ወረቀት ይወጥራል። ማታ ማታ መብራቱን በውሃ በተሞላ የብርጭቆ ሉል በኩል አሳልፎ መዳቡ ላይ ያሳርፋል። ቢሳሳትስ? የተሳሳተውን ቦታ ይፍቃል። ሲፈቅ መዳቡ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ከጀርባ በመዶሻ እየመታ ቦታውን መልሶ ያስተካክላል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይቀርጻል። ሲያልቅ ቀለም ይታሻል፣ ገጹ ይወለወላል፤ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት ሮለር መካከል ያልፋል።

ይህ የመስመር ቅርጽ የሚባለው ነው። ሌሎች ዘዴዎችም ነበሩ። አክዋቲንት የሚባለው ከመስመር ይልቅ በአሲድ የውሃ ቀለም የሚመስል ጥላ ያወጣል። የእኛም አገር ለእንግሊዝ ሕዝብ የታየው በእንደዚህ ዓይነት ህትመት ነው። ሄንሪ ሶልት በ1805 አክሱምን አይቶ ሐውልቱን ሳለ። ሥዕሉ በ1809 ለንደን ውስጥ በአክዋቲንት ታትሞ ወጣ። ያ ምስል ዛሬም መጻሕፍትና ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። ከሥሩ «ሶልት የሳለው» ይባላል፤ በመዳብ የቀረጹት ባለሙያዎች ግን እምብዛም አይነሱም። የፓይ ብሶት ምን እንደነበር ከዚህ ይገባችኋል።

ወደ ዋናው ችግር ልመለስ። ቀራጺው ያለው ጥቁር መስመርና ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ሠዓሊው ግን ቢጫ ሰማይ ፊት ለፊት ቀላ ያለ ሕንፃ ይስላል። ዓይን ሁለቱን የሚለየው በቀለማቸው ነው። ብርሃናቸው እኩል ከሆነስ? በጥቁርና ነጭ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆኑና ሕንፃው ሰማዩ ውስጥ ይሰምጣል። ሥዕሉን እንዳለ የገለበጠ ቀራጺ ሥዕሉን ያጠፋዋል ማለት ነው። ስለዚህ መወሰን አለበት። ሰማዩን ላብራው? ሕንፃውን ላጥቁረው? አንዱን ከለወጠ ደግሞ ወንዙ ላይ ያለው ነጸብራቅም መለወጥ አለበት። ሠዓሊው ያልሠራውን የብርሃንና የጥላ ሚዛን ቀራጺው ራሱ ይፈጥራል። የፓይ ክርክር በሙሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ አሳምኖኛል።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚፈልግ ሠዓሊ ደግሞ አንድ ነበር፦ ዊልያም ተርነር። የተርነር ሥዕል ብርሃን፣ ጭጋግና ቀለም ነው። ጥርት ያለ ጠርዝ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ለመስመር ቀራጺ ከዚህ የባሰ ራስ ምታት የለም። ፓይ በ1805 ሂዝ ቤት እያለ ኢንቨራሪ የሚባለውን የስኮትላንድ ቤተ መንግሥት የሚያሳይ የተርነር ሥዕል ተሰጥቶት ቀርጿል። ትልቁ ዕድል የመጣው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

የዚያ ሥዕል ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ለንደን አጠገብ፣ ትዊክናም በምትባል ቦታ፣ ከቴምዝ ወንዝ ዳር የባለቅኔው አሌክሳንደር ፖፕ ቤት ነበር። ፖፕ ከሞተ ስልሳ ዓመት ቢያልፈውም ቤቱን ለማየት የሚመጣው ሰው ብዛት አላስቀምጥ አለ። ቤቱን የገዙት ባሮነስ ሃው በጎብኚ ተሰላቹ። መፍትሔያቸው ቀላል ነበር፤ ቤቱን አፈረሱት። ተርነር ተናደደ። በ1808 ፈራሹን ቤት በምሽት ብርሃን ውስጥ፣ ጸጥ ካለው ወንዝ ማዶ ሳለው። ጆን ብሪተን የተባለ አሳታሚ ለሚያዘጋጀው የሥዕል መጽሐፍ ቅርጹን ለፓይ ሰጠ።

ፓይ በ1811 የወጣውን ይህን ሥራ ሲሠራ የሰዎቹን ምስል የቀረጸው የጌታው ልጅ ቻርልስ ሂዝ ነው። የሥራ ክፍፍሉ አሁንም አለ። ሰማዩ፣ ውሃውና ብርሃኑ ግን የፓይ ናቸው። ተርነር ሲያየው ተደሰተ። እንዲህ የሚሠራ ሰው መኖሩን ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ አሠራ ነበር እንዳለ ይነገራል። ተርነር ምስጋና የሚያበዛ ሰው አልነበረም። ከቀራጺዎች ጋር በገንዘብም በሌላም ተጣልቷል።

ከዚያ በኋላ ተርነር በእንግሊዝ ላሉ ቀራጺዎች አስተማሪ ሆነ ማለት ይቻላል። ቀራጺው የሙከራ እትም ይልክለታል። ተርነር በጠመኔና በእርሳስ ይነካካዋል፣ አንዳንዱን ቦታ በሰንጢ እየፋቀ ነጭ ያወጣል። «እዚህ አብራ፣ እዚያ አጥቁር» የሚል ማስታወሻም ጠርዙ ላይ ይጽፋል። ቀራጺው አርሞ እንደገና ይልካል። አንድ መዳብ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ፓይም በዚህ መንገድ የተርነርን የጣሊያን፣ የሰሜን እንግሊዝ ፏፏቴዎችና ወንዞች ሥዕሎች ቀረጸ። በ1828 የወጣው፣ ኤጊና በምትባል የግሪክ ደሴት ያለውን ቤተ መቅደስ የሚያሳይ ትልቅ ህትመቱ ከምርጥ ሥራዎቹ ይቆጠራል።

ዳቦ የሚገዛው ግን በእነዚህ አልነበረም። ለአስርት ዓመታት ፓይ የኪስ ማስታወሻ ደብተሮች ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን ሥዕሎች ቀርጿል። ቀን መቁጠሪያው ገጽ አናት ላይ ያለች፣ ከቴምብር ብዙም የማትበልጥ የአንድ ባለርስት ግቢ ሥዕል ትታያለች። ደንበኛው ደብተሩን ዓመቱን ሙሉ ኪሱ ይዞ ይዞራል። አንዳንዶቹን ትንንሽ ሥራዎቹን ከትልልቆቹ የበለጠ እወዳቸዋለሁ። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አየር አለ።

በዚህ መሃል ሙያው ተለወጠ። መዳብ ለስላሳ ነው። በየህትመቱ ስለሚታሽ ጥቂት መቶ ጥሩ ቅጂ ካወጣ በኋላ መስመሩ ይደክማል። ጃኮብ ፐርኪንስ የተባለ አሜሪካዊ በ1819 እንግሊዝ ሲመጣ ሊሸጥ ያመጣው ሐሳብ ሐሰተኛ የብር ኖት መከላከያ ነበር፤ ጠንካራ ብረት (ስቲል) ላይ መቅረጽ። ሥራው ባንኮች ዘንድ ብቻ አልቀረም። ቻርልስ ሂዝ ከእሱ ጋር ሆኖ ዘዴውን ወደ መጻሕፍት ሥዕል አመጣው። ብረት በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ ያወጣል። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ረከሰ፣ መካከለኛው መደብም መግዛት ቻለ። ቀራጺው ግን በጣም ጠንካራ ነገር ላይ፣ በጣም ቀጭን መስመር፣ በጣም ለረጅም ሰዓት መሥራት ግዴታው ሆነ። ዓይን ላይ የሚያደርሰውን መገመት አያቅትም። ገበያውም ቢሆን ሁሌ አያዋጣም። ቻርልስ ሂዝ በ1827 የጀመረው ትልቁ የተርነር የእንግሊዝና ዌልስ ሥዕሎች ህትመት ከስሮ ቆመ። በ1839 ክምችቱ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ተርነር ራሱ በ3,000 ፓውንድ ጠቅልሎ ገዛው።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። የለንደኑ ሮያል አካዳሚ በ1768 ሲመሠረት ሠዓሊ፣ የሐውልት ቀራጺና አርክቴክት አባል እንዲሆኑ ተፈቀደ። የመዳብ ቀራጺ አልተፈቀደለትም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ቀራጺ የራሱ ፈጠራ የለውም፣ የሌላውን ይገለብጣል ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ለስድስት ቀራጺዎች ብቻ ተባባሪ አባልነት ተፈጠረ። ድምፅ አይሰጡም። ወደ ሙሉ አባልነት ማደግም የለም። በዚህ ላይ አስቂኝ ነገር ተጨመረ። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ባርቶሎዚ በዘመኑ ከታወቁት ቀራጺዎች አንዱ ነበር፤ ከመሥራቾቹ መካከል ግን ገባ። እንዴት? በሠዓሊነት ተመዝግቦ! ሮበርት ስትሬንጅ የተባለው ታላቅ ቀራጺ ይህን ዓይቶ በ1775 አካዳሚውን የሚወቅስ ጽሑፍ አሳተመ።

የሚያናድደው ነገር የእንግሊዝ ሥዕል በአውሮፓ የታወቀው በህትመት መሆኑ ነው። ዊልያም ውለት በ1776 ያወጣው የጄኔራል ዎልፍ አሟሟት ህትመት በመላው አውሮፓ ተሸጧል። ውለት ግን የአካዳሚው አባል ሳይሆን ሞተ። ሠዓሊው ደግሞ ቤንጃሚን ዌስት ነው፤ በኋላ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ፓይ ስድስቱ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አልተሰለፈም። ከውጭ ሆኖ መታገልን መረጠ። በ1835 የእንግሊዝ ፓርላማ ሥነ ጥበብ ከኢንዱስትሪ ጋር ስላለው ግንኙነት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው በ1836 አካዳሚውንም መረመረ። ፓይ ቀርቦ መሰከረ። ሌሎች ቀራጺዎችም መሰከሩ። በ1845 ደግሞ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማን ይደግፈው እንደነበር የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ታሪክ ነው ይበል እንጂ ክስም አለበት። ሰነድ፣ ደብዳቤ፣ ደንብ እያጣቀሰ አካዳሚውን ይሞግታል። ዛሬ የዚያን ዘመን የአርቲስቶች ማኅበራት ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች አሁንም ያገላብጡታል።

ከወረቀት ሙግቱ ይልቅ ግን ሌላው ሥራው ይበልጥብኛል። በ1810 ለንደን ውስጥ የአርቲስቶች ፈንድ ተቋቋመ፤ ፓይ ከዋነኞቹ አንቀሳቃሾች አንዱ ነበር። ነገሩ ከእኛ እድር ብዙም አይርቅም። አባላት መዋጮ ያወጣሉ፤ የታመመና ያረጀ አባል ይረዳል። ሌላው ክንፍ ደግሞ ለሟች አባላት ሚስቶችና ልጆች ይደርሳል። ዓይኑ የደከመ ቀራጺ ጡረታ በሌለበት አገር ምን ይበላል? ፈንዱ በ1827 ከንጉሡ ቻርተር አገኘ። እዚህ ውስጥ ሠዓሊና ቀራጺ እኩል አባል ናቸው።

ፓይ ቀርፋፋ ሠራተኛ ነበር። ይህን ወዳጆቹም ያውቁታል። ተርነር ራይን ወንዝ ዳር ያለውን የኤረንብራይትሽታይን ምሽግ ሥዕል በ1835 ለሕዝብ አቀረበ፤ ሥዕሉ ፓይ እንዲቀርጸው ታስቦ የተሠራ ነው። የፓይ ህትመት የወጣው በ1840ዎቹ አጋማሽ ነው። አስር ዓመት ገደማ! ሥዕሉ በዚህ መሃል ተሽጦ የራሱ ባለቤት አግኝቷል። ምሽጉ ዓለት ላይ በጨረቃና በምሽት ብርሃን መካከል ይንሳፈፋል፤ መዳብ ላይ ያንን ማውጣት ጊዜ ቢፈጅ አይገርምም።

አካዳሚው በመጨረሻ ተረታ። በ1850ዎቹ ደንቡ ተለወጠና በ1855 ሳሙኤል ከዝንስ በቀራጺነቱ ሙሉ አባል ሆነ። ፓይ በዚያ ዓመት ሰባ ሦስት ሞላው። እሱ አልገባም። ፈረንሳዮች ግን ሜዳሊያ ሸልመውታል፣ በኋላም የሥነ ጥበብ አካዳሚያቸው የውጭ ተወካይ አባል አድርገውታል። በሩ ሲከፈት ሙያው ራሱ እየደከመ ነበር። ፎቶግራፍ መጥቷል። አስር ዓመት የሚፈጅ ህትመት የሚጠብቅ አሳታሚ እየጠፋ ነው።

ፓይ መቅረጫውን ካስቀመጠ በኋላ የተርነርን ህትመቶች ማሰባሰብ ያዘ። ተርነር ከ1807 እስከ 1819 በተከታታይ ያወጣው፣ መቶ ሊሆን ታስቦ 71 ላይ የቆመ የህትመት ስብስብ አለ። ፓይ የእያንዳንዱን ገጽ የሙከራ እትሞች፣ የጠቡንና የክፍያውን ታሪክ ሳይቀር ለቅሞ መዘገበ። የፓይ ስብስብ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ማስታወሻዎቹ ከሞቱ በኋላ በ1879 ታተሙ። እሱ ያረፈው በ1874 ነው፣ በ91 ዓመቱ፤ ከተርነር 22 ዓመት ዘግይቶ።

ሥራዎቹን ማየት የሚፈልግ ሰው ለንደን መሄድ አያስፈልገውም። ብሪቲሽ ሙዚየምና ቴት የሚባለው የሥዕል ሙዚየም ድረ ገጻቸው ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ስታዩ መጀመሪያ ከሥዕሉ ሥር ያሉትን ጥቃቅን ጽሑፎች ፈልጉ። ግራ በኩል የሠዓሊው፣ ቀኝ በኩል የቀራጺው ስም ነው። ጽሑፍ የሌለበት ከሆነ መዳቡ ገና ትኩስ እያለ የወጣ የመጀመሪያ እትም ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢዎች ለእሱ ነበር ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት። ከዚያ አጉሉት። የፖፕን ቤት ሥዕል ከሆነ የከፈታችሁት ወንዙ ላይ ቆዩ። ውሃው ውስጥ ያለው ብርሃን ምንም ያልተነካ ወረቀት ነው።